ተከዜን የተሻገረ እንስራ

ይገዙ ከቀጨኔ ቁልቁለት ሲወርድ የተሸከመውን እንስራ በጃኬቱ ሸፍኖት ነበር፤ የሸክላ ሰሪ ልጅ መባሉን አይወድም። እናቱ ወይዘሮ ሙሉእመቤት ግን «እህትህ ዘንድ ባዶ እጅ አይኬድም» ብለው፣ በሶ ሞልተው አሸክመውታል። እሳቸው በሥራቸው ጨካኝ ናቸው፤ የተሰነጠቀ ሸክላ ካዩ ሰባብረው፣ ፈጭተው ከጭቃው ይደባልቁታል።

እህቱ ብርሃኔ ከተከዜ ማዶ ነው ያገባችው። ጦርነቱ ባሏን በላ፤ ቀጥሎ የውጭ ወታደሮች መንደሩን ያዙ፣ ስልኩም ተዘጋ። ሰሞኑን ደወለች።

«ወጡልን፣ ይገዙዬ! ግን አገሩ አልረጋም፤ ጎረምሳው ሁሉ መሣሪያ አንግቧል። ና ውሰደኝ።»

ተከዜ ዳር ያገኛቸው ሽማግሌ መንገድ መሪ አቶ ዳኜ እንስራውን ሲያዩ በሳቅ ፈረሱ። «አንተ ሰው፣ ሸክላ ይዘህ ገደል ልትወርድ?»

ሲሄዱ ወንዙ ከጉልበት አላለፈም። ብርሃኔን ይዘው ሲመለሱ ግን ሰማዩ ተቀደደ፤ ተከዜ ግንድ እያላጋ ወረደ። ከኋላቸው ተኩስ ይሰማል። ብርሃኔ ደግሞ ዋና አታውቅም።

ዳኜ በሶው ያለቀበትን እንስራ ነጥቀው አፉን በፌስታል ጠፍረው አሰሩት። «እቀፊው! ብትሞቺም እንዳትለቂው!»

ገቡ። ውሃው ደረታቸው ደረሰ፣ አንገላታቸው። መሃል ላይ አዞ ብቅ አለ፤ ይገዙ እየጮኸ አፍንጫውን በዱላ ነረተው። አዞው ሲዞር ጅራቱ እንስራውን መታውና ቀጭ ብሎ ተሰነጠቀ፤ ሳይፈርስ ግን ዳር አደረሳት።

እዚያ አንድ ጎረምሳ ጠመንጃ ደገነባቸው። «የማን ሰላይ ናችሁ?»

ብርሃኔ ውሃው እየተንጠባጠበባት ወደ ፊት ሄደች። «አንተ የለምለም ልጅ አይደለህ? ወታደሮቹ ሲመጡ እናትህን ጎተራዬ ውስጥ የደበቅኋት እኔ ነኝ። በል ተኩስ!»

ልጁ ፊቷን አይቶ አፈሙዙን ወደ መሬት መለሰ። «ይቅር በይኝ፣ አላወቅሁሽም» አለና እስከ መኪናው መንገድ ሸኛቸው። ይገዙ የዳኜን ጉልበት ስሞ ተሰናበተ።

«ከእንግዲህ በሸክላ አልስቅም» አሉት ሽማግሌው።

ይገዙ የቀጨኔን ዳገት ሲወጣ ጃኬቱን ለብሶት ነበር፤ እንስራው ትከሻው ላይ ለሁሉ ይታያል። ለጠየቀው ሁሉ «የእናቴ ሥራ ነው!» ይላል።

ወይዘሮ ሙሉእመቤት ሴት ልጃቸውን አቅፈው «መድኃኔ ዓለም፣ ምን ልክፈልህ!» እያሉ አለቀሱ። ከዚያ እንደ ልማዳቸው እንስራውን ዳበስ ዳበስ አደረጉት፤ ጣታቸው ስንጥቁ ላይ ቆመ። ይገዙ ሊሰብሩት ነው ብሎ ደነገጠ።

ብርሃኔ ወንዙን እንዴት እንደተሻገረች ነገረቻቸው። እናት ተንበርክከው ስንጥቁን ሳሙት።

«ከእንግዲህ ይህን የሰበረ» አሉ፣ «እጁ ይሰበር።»