አልወልቅ ያለው ቀለበት

ነካኬ ዘጠኝ ዓመቷ ነው። የምትኖረው ከአክስቷ ጋር፣ አክስቷ ከምትሠራበት ወርቅ ቤት በላይ ባለው ፎቅ ላይ ነው። መቼም ወላጆቿ ያወጡላት ስም ይህ አይደለም! ያየችውን ሁሉ ስለምትነካካ ነው ቤተሰቡ እንዲህ የሚላት። እናንተስ ቤት ነካኬ የለም? አለ አይደል? እሺ፣ አንጠቁምም።

አክስቷ የቆዩ ጌጦችን መርምራ ዋጋቸውን ትገምታለች። አንድ ቅዳሜ ዓይናቸው የደከመ አሮጊት በመሐረብ የተቋጠረ የወርቅ ቀለበት ይዘው መጡ። ሟች ባለቤታቸው በሠርጋቸው ቀን ያጠለቁላቸው ነው። መሐሉ ላይ አልማዝ አለበት። ለልጅ ልጃቸው ከመስጠታቸው በፊት ሊያስገምቱት ፈልገዋል።

አክስቷ ጓዳ ሆና ስልክ እያነጋገረች ነበር። «ነካኬ፣ ተቀብለሽ ሳህኑ ላይ አድርጊልኝ። እንዳታጠልቂው!» አለች።

ታዲያ እንዳታጠልቂው ሲሏት እጇን አይበላት? አሮጊቷ ወንበር ፈልገው እስኪቀመጡ «አንዴ ብቻ» አለችና አውራ ጣቷ ላይ አጠለቀችው። ሰተት ብሎ ገባ። መውጣቱን ግን እምቢ አለ። ሳበችው። ጠመዘዘችው። ላሰችው። ወይ ፍንክች!

የአክስቷ ኮቴ ተሰማ። ነካኬ ደነገጠች። ከአርቲፊሻል ጌጦች ሳጥን ውስጥ አንድ ቀለበት ላፍ አድርጋ ሳህኑ ላይ አኖረች። ቀለበቱን ያጠለቀችበትን እጇን ኪሷ ውስጥ ከተተች።

አክስቷ ቀለበቱን አነሳችና ድንጋዩ ላይ «ሃ!» ብላ ተነፈሰችበት። አልማዝ ሲሆን የትንፋሹ እርጥበት ወዲያው ይጠፋል። ይኼኛው ግን እንደ መስኮት መስታወት ደብዝዞ ቆየ። በአጉሊ መነጽርም አየችው። ፊቷ ጨፈገገ።

«እማማ፣ አዝናለሁ። ድንጋዩ ብርጭቆ ነው። ወርቁም ቅብ ነው።»

«አልማዝ ነው ብሎኝ ነበር» አሉ አሮጊቷ። «እሱ እኮ ለቀልድ እንኳ አይዋሽም ነበር። ለካ ዕድሜዬን ሙሉ ሲያታልለኝ ኖሯል?» እንባቸው ዱብ ዱብ አለ።

ነካኬ እስካሁን የፈራችው ቁጣን ነበር። አሁን ግን አንድ ደግ ሰው ሞተው መልስ መስጠት በማይችሉበት ሰዓት፣ በእሷ ጥፋት ውሸታም ሊባሉ ነው። ውሸትና ስንቅ እያደር ይቀላል ይባላል። የነካኬ ውሸትማ ለማደርም አልበቃ! «እግዚአብሔር ሆይ፣ አበርታኝ» አለች በልቧ።

«እማማ፣ ባለቤትዎ አልዋሹም! የዋሸሁት እኔ ነኝ!» ብላ እጇን ከኪሷ አወጣች። አውራ ጣቷ አብጦ ቲማቲም መስሏል።

አክስቷ ተቆጣች። መቆጣትም ይገባታል። ከዚያ ጣቷን በሳሙና አሸችላት። ቀለበቱ ሙልጭ ብሎ ወጣ። አጥባ አደረቀችውና «ሃ!» አለችበት። እርጥበቱ ወዲያው ጠፋ፤ አልማዙ ብልጭ አለ!

«እውነተኛ ነው፣ እማማ! ዋጋውም ትልቅ ነው። ልንገርዎት?»

«ቆይ ልጄ፣ እሱ ይደርሳል» አሉ አሮጊቷ። ቀለበቱን ደረታቸው ላይ አስጠግተው «ይቅር በለኝ፣ የኔ ጌታ። ጠርጥሬህ ነበር» አሉ ባለቤታቸውን አስበው።

ነካኬም አንገቷን ደፍታ «እኔንም ይቅር ይበሉኝ» አለች።

«አንቺማ ስሙን መለስሽልኝ» አሉና ሳቁ። «በይ ነይ፣ ያንን ቲማቲም ልሳመው!»

ልጆች፣ ጥፋታችንን ስንደብቅ ያላጠፋ ሰው ይወቀስበታልና፣ ሳይውል ሳያድር እውነቱን እንናገር።