የወንድይፍራው ካሜራ እና ሌሊት የሚጣራው

ጠጋ ጠጋ በሉ። በሩን ዝጉት። ዘጋችሁት? መቀርቀሪያውንም? እንግዲህ ስሙኝ።

ሰዓቱ ከእኩለ ሌሊት ያለፈ ነው። ጨለማው እንዴት ያለ ጨለማ መሰላችሁ? እጃችሁን ብትዘረጉ እጃችሁ ተመልሶ የማይመጣበት ጨለማ። ከወንዙ ወደ መንደሩ የሚወጣ አንድ ቀጭን መንገድ አለ፤ በግራ ቁልቋል፣ በቀኝ ቁልቋል። በዚያ መንገድ ማታ ሰው አይሄድም። ውሻ እንኳ አይሄድም። መንገዱ የሚያልቀው የት ነው? የወንድይፍራው ግቢ በር ላይ!

ድሮ ነው ይኼ። እንዴት ያለ ድሮ ካላችሁ፣ ካሜራ በየአጥሩ ሳይሰቀል፣ ገና ብርቅ የነበረበት ድሮ።

ወንድይፍራው ማነው? ስሙን ሰምታችሁ ጀግና እንዳይመስላችሁ። ቁመቱ የስልክ እንጨት ያህላል፣ ልቡ ግን የጫጩት ነው። ማታ ሽንቱ ቢመጣ እስኪነጋ ይዞ የሚያድር ሰው ነው። ግን እናቱን ይወዳል፤ ከፍርሃቱም አብልጦ ይወዳቸዋል። እናቱ ወይዘሮ በለጡ የሚያድሩት ከግቢው ማዶ፣ ከትልቁ ቤት ፊት ለፊት ባለችው ትንሿ ቤት ነው፤ ብቻቸውን። ሟች ባላቸው በእጁ የሠራት ቤት ናት፤ ከሰማይ ድንጋይ ቢዘንብ አይለቋትም።

አንድ ጠዋት፣ "ወንዴ፣ ሌሊት ተጠራሁ" አሉት።

"ማን ጠራሽ?"

"አባትህ።"

ልብ በሉ፣ አባትየው ከሞተ ስንት ክረምት ያለፈው ሰው ነው!

በዚያ መንደር ሰው ሌሊት በስሙ ሲጠራ ዝም ይላል። የሚጣራው በሕይወት ያለ ሰው ከሆነ፣ መልስ ካጣ ጥሪውን ይደግማል። ያ በሞተ ሰው ድምፅ የሚመጣው ግን አይደግምም። አንዴ ብቻ ይጠራል። ለእሱ "አቤት" ያለ ሰው ተነስቶ ይከተለዋል፤ ጠዋት ጫማው ወንዝ ዳር ይገኛል። ሰውየውስ? ሰውየው አይገኝም።

"እና ምን አልሽ?" አላቸው ወንድይፍራው።

"ዝም አልኩ። ግን ልጄ፣ ድምፁ ናፍቆኛል። አንድ ቀን አቤት ማለቴ አይቀርም።"

ከዚያ ቀን ጀምሮ ወንድይፍራው እህል አልወርድልህ አለው። በእናቱ በር የሚቆመው ማን እንደሆነ ማየት አለበት። ወጥቶ አድፍጦ እንዳይጠብቅ፣ እሱ ነው የሚያደፍጠው? ስለዚህ ከከተማ ኑረዲን የሚባል ካሜራ ገጣሚ አስመጣ። ኑረዲን ካሜራውን በትልቁ ቤት ጣሪያ ሥር፣ ወደ ትንሿ ቤት አዙሮ ገጠመለት። ምስሉም ድምፁም በስልክ ይመጣል። ቀን ላይ እንዴት ያሳያል መሰላችሁ? የጉንዳን ጢም ይቆጠርበታል!

ሲመሽ ግን ስልኩ ላይ ወተት ብቻ ሆነ። ነጭ። ድፍን ያለ ነጭ። በወተቱ መሃል፣ ወደ ግቢው በር ገደማ፣ አንዲት ጥላ። ጥላ ናት? እድፍ ናት? እንጃ።

ደወለ። "ኑሬ፣ ካሜራህ ሲመሽ ዓይኑ ይጠፋል!"

"ሸረሪት ይሆናል ጋሽ ወንድይፍራው። መስታወቱ ላይ ድር ያደራበታል። ይጥረጉት።"

ጠረገው። መሸ። ያው ወተት። ጥላዋ ግን ከግቢው በር ወዲህ ገብታለች።

"እንግዲያው የበረንዳው አምፖል እየበራበት ይሆናል። ያጥፉት።"

"አምፖሉን? በጨለማ? አንተ ልጅ፣ ልትገድለኝ ነው?"

"ካሜራው በጨለማ የሚያይበት የራሱ መብራት አለው ጋሼ። እኛ አይታየንም እንጂ።"

አጠፋው። መሸ። ያው ወተት። ጥላዋ ግን አሁን ትከሻ አላት።

ትከሻ! ሰማችሁ?

ወይዘሮ በለጡም በየጠዋቱ ዓይናቸው ቀልቶ ይመጣሉ። "ዛሬም ጠራኝ። ከንፈሬን ነክሼ ነው ያለፍኩት" ይላሉ። ወንድይፍራው ከንፈራቸውን ያያል። እውነትም ቆስሏል።

ያን ዕለት ማታ እንደገና ደወለ። ኑረዲን መላው ጠፍቶት፣ "ጋሼ፣ ካሜራው ፊት ምንም ነገር የለም? ቅጠል? ቆርቆሮ?" አለው።

"ምንም የለም። ላስቲኩ ብቻ።"

"የምን ላስቲክ?"

"ያለበስኩት ነዋ! አቧራ እንዳይነካው።"

ወንድይፍራው እንዲህ ነው እንግዲህ። ቴሌቪዥኑ ከነላስቲኩ፣ ሪሞቱ ከነላስቲኩ፤ ሶፋው ላይ ሲቀመጡበት ሲንኮሻኮሽ ጎረቤት ይሰማል። ሚስት አላገባም እንጂ ቢያገባ እሷንም ከነላስቲኳ ነበር የሚያኖራት።

"ጋሼ! የካሜራው መብራት እኮ ላስቲኩ ላይ ነጥሮ የራሱን ዓይን እየወጋው ነው! አሁኑኑ ይግፈፉት። ኔትወርኩ ደካማ ስለሆነ ምስሉ ትንሽ ዘግይቶ ቢመጣ አይደንግጡ።"

በዚያ ጨለማ መሰላል ላይ መውጣት! ማን? ወንድይፍራው! ግን የእናቱ የቆሰለ ከንፈር ትዝ አለው። ጃኬቱን ለብሶ ወጣ። መሰላሉን አስደግፎ ተንጠላጠለ። ላስቲኩን ቦጨቀው። ከመሰላሉ ዘሎ ወረደ። ቤቱ ገብቶ በሩን በቁልፍ ዘጋ፣ በመቀርቀሪያ ዘጋ፣ በሶፋ ዘጋ። ስልኩን ከፈተ።

ወተቱ የለም! ጥርት ብሏል። የግቢው በር ይታያል። የትንሿ ቤት በር ይታያል። የመሰላሉም እግር ከጥግ ይታያል። ጥላዋ የለችም።

"ላስቲኩ ኖሯል! አዬ እኔ ጅል!" ብሎ ብቻውን ሳቀ።

ሳቁን ሳይጨርስ፣ በመሰላሉ በኩል እግር ወረደ። መጀመሪያ እግር። ቀጥሎ ጀርባ።

"እኔ ነኝ" አለ ወንድይፍራው። ምስሉ ይዘገያል ተብሎ የለ?

ግን ሰውየው ቀስ ብሎ ነው የሚወርደው። ወንድይፍራው ዘሎ አልነበረም የወረደው? ሰውየው ነጭ ተከናንቧል። ወንድይፍራው የለበሰው ጃኬት አይደለም? ታዲያ እዚያ መሰላል ላይ፣ ከጀርባው፣ አብሮት የነበረው ማነው?

ሰውየው ወደ ትልቁ ቤት አልመጣም። ዞረ። ወደ ትንሿ ቤት ሄደ። በሩ ላይ አንገቱን ደፋ።

"እማዬ" አለ።

በማን ድምፅ? በአባትየው? አይደለም! በወንድይፍራው በራሱ ድምፅ!

ወይዘሮ በለጡ እንደ ደንቡ ዝም አሉ። በሕይወት ያለ ሰው ከሆነ ይደግማል።

ደገመ።

"እማዬ፣ እኔ ነኝ። ክፈቺልኝ።"

አልጋው ሲንሲያጠጥ በስልኩ ተሰማ። የእናትየው እግር ጫማ ሲፈልግ ተሰማ። ወንድይፍራው መስኮቱን በርግዶ፣ "እማዬ! አትመልሺ! እኔ እዚህ ነኝ!" ብሎ ጮኸ።

በሩ ላይ ያለውም ወዲያው፣ በዚያው ድምፅ፣ በዚያው እንባ፣ "እማዬ! አትመልሺ! እኔ እዚህ ነኝ!" አለ።

እስቲ እናት ብትሆኑ ለየትኛው ትመልሳላችሁ?

ወይዘሮ በለጡ ለማንም አልመለሱም። ነጠላቸውን አፋቸው ውስጥ ጠቅጥቀው ወለሉ ላይ ቁጭ አሉ። ወንድይፍራው ሌሊቱን ሙሉ እየተጣራ አለቀሰ። ያኛውም እኩል አለቀሰ። ዶሮ ሲጮህ ከሁለቱ ድምፅ አንደኛው ጠፋ።

ሲነጋ ወንድይፍራው ሮጦ ሄዶ እጁን በበሩ ሥር አሾለከ። ወይዘሮ በለጡ ጣቶቹን አንድ በአንድ ዳበሱ። ይሞቃሉ። ከፈቱለት።

አዎ፣ ዳኑ። ግን ከዚያ ወዲያ ልጃቸው ሲጠራቸው አቤት ብለው አያውቁም። በጠራራ ፀሐይም ቢሆን፣ ሺህ ጊዜ ቢጠራም። መጥቶ እጁን ይሰጣቸዋል፣ ይዳብሱታል፣ ከዚያ ነው የሚነጋገሩት። እሱም ቀስ በቀስ "እማዬ" ማለቱን ተወው።

በሉ እንግዲህ፣ መሽቷል። ስትሄዱ አንድ ላይ ሂዱ፤ ብቻውን የሚቀር አይኑር። እኔ እዚችው ወንበሬ ላይ ነኝ፤ ጉልበቴ እንደሆነ እስኪነጋ አያነሳኝም። መታጠፊያው ጋ ስትደርሱ ከኋላችሁ በእኔ ድምፅ፣ "ልጆች፣ አንድ ሰው ረስታችኋል፣ ተመለሱ" የሚል ብትሰሙ፣ ደጋግሞ ቢጠራችሁም አትዙሩ።