የኑግ ቅባት

«አትሺው እያልኩሽ! ቀስ አድርገሽ ቀቢው፤ ቆዳው እጅሽ ላይ ይቀራል» አሉ እማማ በለጡ ከመደቡ ላይ ሳይነሱ።

ሐረግ እጇን አቀለለች። የአምስት ዓመቱ ወንድሟ አሻግሬ እግሩ አብጧል፤ የክንዱ ቆዳ እሳት እንደነካው እየተላጠ ይወድቃል። ቅባቱን ለመሥራት ማለዳዋን ፈጅታለች፤ ኑጉን ቆልታ ወቀጠች፣ በፈላ ውሃ አሸች፣ የተንሳፈፈውን ዘይት በማንኪያ እየጨለፈች ከሰም ጋር አቅልጣ አረጋችው።

የሴት አያቷን የእማማ በለጡን ቅባት በአገሩ የማያውቅ የለም። የስንቱ አራስ ገላ፣ የስንቱ የተሰነጠቀ ተረከዝ በእሳቸው እጅ ድኗል! አሁን ግን እግራቸው ደጃፍ አያደርሳቸውም። ኑጉም በሬዎቹ አልቀው ሳይዘራ የቀረ ዘር ነው፤ ከተቀመጠበት ቅል ግማሹ ወጥቷል።

«ብርድ ነው የላጠው። ሦስት ቀን ከተቀባ ይድናል፤ አብሽሪ።»

«ባለፈው ሳምንትም ሦስት ቀን ብለውኝ ነበር፣ እማማ።»

«ኧረግ! ሰባተኛ ክፍል ገባሁ ብላ ሐኪም ሆነችብኝ እቴ!»

ሐረግ የቀረውን ቅባት ክንዱ ላይ ጨረሰችው። ከተማው ንጉሡ ወረዱ እያለ ሲጮህ ከርሟል፤ የእሷ ክፍል ግን ከዚያ በፊት በረሃብ ተበትኗል።

ሙቀጫውን ልታጥብ ወጥታ ስትመለስ አሻግሬ ክንዱን እየላሰ አገኘችው። ቅባቱ ከነሰሙ ጠፍቷል።

«ምን እያደረግህ ነው?»

«ይጥማል» አለ ቀና ብሎ። «እታለም፣ ጀርባዬን አትቀቢኝ። ምላሴ አይደርስም።»

ሐረግ ወደ መደቡ ዞረች።

«እማማ፣ ብርድ አይደለም።»

«ዝም በይ።»

«ያውቃሉ እኮ!»

«አዎ፣ አውቃለሁ!» ድምፃቸው ተሰበረ። «ረሃብ ነው ካልኩ መጠለያ ትወስጂዋለሽ። እናታችሁን በእግሯ ልኬ ነጠላዋ ብቻ ነው የተመለሰልኝ። ተስቦው እዚያ ተቀምጦ ነው የሚጠብቅ።»

መጠለያው ከመካነ ሰላም ዳር ነው፤ የግማሽ ቀን መንገድ። እዚያ ዱቄትና የወተት ብናኝ ያድላሉ፤ እዚያው ይቀብራሉ። ሐረግ የራሷን ክንድ አየች። አንድ ሰው ልታዝል ትችል ይሆናል፤ ሁለት ግን አትችልም።

ቅሉን ገልብጣ የቀረውን ኑግ ምጣድ ላይ ዘረገፈችው። እማማ በለጡ ዘሬን ብለው ይጮሃሉ ብላ ጠብቃ ነበር፤ አልጮሁም። ወቀጠችው፣ ጨው ነገር ነሰነሰችበት፣ አሻግሬን በጣቷ እያጎረሰች ጥቂት አበላችው። የሳቸውን ድርሻ መዳፋቸው ላይ ስታደርግ ገፉት።

«ለመንገድ ያዥው።»

«ይብሉ እንጂ፣ እማማ።»

«እኔ ለማን ብዬ ነው? ይልቅ ሳይመሽባችሁ ውጡ። በሽተኛ ካየሽ ራቂ። ሰው የሞላበት ድንኳን አትግቢ። ውሃውን ሳታፈይው አታጠጪው፤ ሰማሽ? ሲያልብህ አትገላለጥ በይው...» ቃላቸው ሳያልቅ ፊታቸውን ወደ ግድግዳ አዞሩ።

ሐረግ የኑጉን ድርሻ መልሳ መዳፋቸው ውስጥ አስቀምጣ ጣቶቻቸውን አንድ በአንድ አጠፈችባቸው። የውሃ እንስራውን እጃቸው በሚደርስበት አስጠጋች። አሻግሬን አዘለችው፤ የሞተ ጥጃ ያህል እንኳ አይከብድም። ነገ እመለሳለሁ ልትል አፏን ከፍታ ዘጋችው።

በሩን፣ የሚያልፍ ሰው ቢኖር እማማን እንዲያያቸው፣ ገርበብ ብቻ አደረገችውና ቁልቁለቱን ጀመረች።