ከላይፕዚግ የመጣው የወፍጮ ድምፅ

ጂን አየሁ፣ ስሜ ተጠርቶ ዞር ብል ማንም የለም ከሚሉ ሰዎች ጋር አንድ ቀን እንኳ ተስማምቼ አላውቅም። ሐይቅ ከተማ የሳይንስ መምህርት ነኝ፣ ተማሪዎቼ «ቲቸር፣ ማታ ማታ ሐይቁ ላይ የሚጮኸው ምንድን ነው?» ሲሉኝ ጥያቄያቸውን ሳላስጨርስ ሰሌዳው ላይ ሞገድ ስዬ፣ ቀዝቃዛ አየር ድምፅን እንዴት ሩቅ እንደሚያደርስ አስረድቼ፣ የቤት ሥራ የምሰጥ ሰው ነኝ። ስለዚህ የምነግራችሁን ከመስማታችሁ በፊት ይህን ያዙልኝ፦ ነገሩ በጨለማ አልሆነም፣ ብቻዬን አልነበርኩም፣ እንቅልፍም አልጣለኝም። ቅዳሜ ከሰዓት ነው፣ የአስር ሰላት ተሰግዶ ብዙም ሳይቆይ።

በቅደም ተከተል ላስረዳችሁ፣ ነገሩ የሚጀምረው ከወንድሜ ነው።

ወንድሜ ጀማል እንደ እኩዮቹ መጀመሪያ ሳውዲ ነበር፣ ከዚያ እንዴት እንደሆነ በቅጡ ሳይነግረን ጀርመን ገባ፣ ላይፕዚግ በምትባል ከተማ አንድ መጋዘን ውስጥ ካርቶን ማሸግ ጀመረ። አጠገቡ የሚሠራው ኡቨ የሚባል ጀርመናዊ ነው፣ የሸበተ፣ ክረምት ከበጋ ጥቁር የሚለብስ ዝምተኛ ሰው። ይህ ኡቨ በወጣትነቱ ከአንድ ጓደኛው ጋር ጨለማ ኤሌክትሮኒክ የሚሉትን ሙዚቃ ይሠራ ነበር። ምን ማለት እንደሆነ እኔም ጠይቄ ነው የገባኝ፣ ክራር የለ ማሲንቆ የለ፣ ምቱንም ዜማውንም ማሽን ነው የሚያወጣው፣ ጉዳዩም ስለ ባዶ ፋብሪካ፣ ስለ መቃብር፣ ስለ ብርድ ነው፣ ሰዎቹ ምድር ቤት ውስጥ ተሰብስበው ፊታቸውን ሳይፈቱ ይጨፍሩበታል። ጓደኛው ትዳር ይዞ ሲተወው ኡቨ ማሽኖቹን ሸፍኖ አስቀመጣቸው።

አንድ ቀን ጀማል ካርቶን እያሸገ፣ ሳይታወቀው፣ ጠረጴዛውን በጣቶቹ ይመታል። ቱፍ፣ ቱፍ፣ ቱፍ። ኡቨ ሥራውን አቁሞ አየው።

«ይሄ ምት የማን ነው?»

«የአባቴ» አለው ጀማል።

እዚህ ላይ ስለ አባቴ ወፍጮ ማስረዳት ግድ ነው። ከሐይቅ ወደ ውጫሌ ስትሄዱ፣ የአምባሰል ገደል ጎልቶ መታየት ሲጀምር፣ ከዋናው መንገድ ገባ ብሎ ያለው መንደር የኛ ነው። አባዬ፣ ሰዉ ሁሉ ጋሽ ይማም የሚለው፣ የናፍጣ ወፍጮ ነበረው። የናፍጣ ወፍጮ የጭስ ማውጫው ጫፍ ላይ ጣሳ ይሰካል፣ ድምፁ ርቆ እንዲሄድ ነው፣ ጣሳው እንደ ሰፋና እንደ ጠበበ ደግሞ የያንዳንዱ ወፍጮ ድምፅ ይለያያል፣ ስለዚህ ከገደሉ ማዶ ያለ ሰው ጆሮውን ጣል አድርጎ «የይማም ተነሣ» ይልና አህያውን ይጭናል። በኛ አገር ማስታወቂያ ማለት ያ ነበር።

ኡቨ ያንን ምት በማሽን ሠራው፣ ጀማል በላዩ ላይ አንጎራጎረበት። «ይሄን የመሰለ ጨለማ ዜማ እንዴት ፈጠርከው?» ቢለው «ኧረ እኔ አልፈጠርኩትም፣ የአገሬ ቅኝት ነው፣ ስሙም የተራራችን ስም ነው፣ አምባሰል» ብሎ አሳቀው። ስማቸውን ናኽትሙለ አሉ፣ በጀርመንኛ የሌሊት ወፍጮ ማለት ነው። መጀመሪያ በካሴት አወጡ፣ አዎ በካሴት፣ እነዚህ ሰዎች ዛሬም ካሴት ይወዳሉ። ቀጥሎ አንድ የተዘጋ ፋብሪካ ምድር ቤት ውስጥ ሰው ፊት ተጫወቱ። አንዲት ዘፋኝ ገብታ ነበር፣ ኡቨ ግጥም በዛ ብሎ ተጣላትና ወጣች፣ በእሷ ፈንታ ጀማል አባዬ ወፍጮ ቤቱ በር ላይ ቆሞ ይጮኸው የነበረውን አስገባ፣ «ተራ! ተራ ያዙ!» ቪዲዮውን ልኮልኛል፣ እመኑኝ፣ ጥቁር የለበሰ የጀርመን ወጣት፣ ወንዱም ሴቱም ዓይኑን ተኩሎ፣ እጁን አንሥቶ «ተራ ያዙ!» እያለ ይዘላል። ከወንበሬ ልወድቅ ነበር።

ይህ ሁሉ ሳቅ ግን አባዬ ዘንድ አይደርስም። ጀማል ሲሄድ አላስፈቀደውም፣ አባዬ ደግሞ ወፍጮውን ለእሱ ነበር ያሰበው። በማግስቱ ነዳጅ የሚረጨውን ፖምፓ ፈታ፣ በጨርቅ ጠቅልሎ አልጋው ሥር አስቀመጠው፣ ወፍጮው በዚያው ቀረ። እናታችን ወደ አኼራ የሄደች ጊዜ ጀማል ደውሎ ሲያለቅስ ስልኩን ጆሮው ላይ ባደርግለት «አይሰማኝም» ብሎ መለሰልኝ። ወፍጮ ጆሮውን እንደ ጎዳው እውነት ነው፣ ግን እኔን ይሰማኛል፣ ጎረቤቱንም ይሰማል፣ የማይሰማው ጀማልን ብቻ ነው።

ዘንድሮ ጀማል ደወለ።

«ዘይኔ፣ ምቱ ሞቶብናል» አለኝ። «ማሽኑ ባዶውን ነው የሚዞረው። የአባዬ ወፍጮ እህል ሲገባበት ያስለው አልነበር? ያ የለውም። ኡቨ ይቅር እንተወው እያለኝ ነው።»

«ቢቀርስ? ሥራ አለህ አይደል?»

«ከቤት የቀረኝ እኮ እሱ ብቻ ነው። በናትሽ አባዬን ለምኚልኝ፣ አንድ ጊዜ ያስነሣውና ቅጂልኝ።»

ለመንኩት። አባዬ «ባለቤቱ ሲመጣ ይነሣል» አለ።

እኔ ደግሞ ያለ ዕቅድ የማልንቀሳቀስ ሰው ነኝ፣ ተቀምጬ አሰብኩ፣ አባዬ ልጁ በወፍጮው ምን እንደ ሠራ በጆሮው ቢሰማ ልቡ ይራራል አልኩ። ከትምህርት ቤታችን ሚኒ ሚዲያ ክበብ ባለ ባትሪውን ትልቁን ስፒከር አስፈቅጄ ተዋስኩና በባጃጅ ጭኜ ሄድኩ። ያ ሳምንት ደግሞ ከሐይቅ እስከ ውጫሌ መብራት የጠፋበት ነበር፣ የኤሌክትሪክ ወፍጮዎቹ ሁሉ ቆመው ሰው ዱቄት አልቆበታል፣ ይህን አስታውሱልኝ።

ስደርስ አባዬ እንደ ልማዱ የተዘጋው ወፍጮ ቤት ደጃፍ ላይ ተቀምጧል፣ ቁልፉ አንገቱ ላይ ተንጠልጥሏል። ጉም ከገደሉ ሥር ተነሥቶ መንደሩን ሸፍኖታል፣ ፀሐይ ቀኑን ሙሉ አልወጣችም።

«አባዬ፣ ስማ፣ የጀማል ሥራ ነው» አልኩና ድምፁን እስከ መጨረሻው ከፈትኩት።

ቱፍ፣ ቱፍ፣ ቱፍ። የወፍጮ ቤቱ ቆርቆሮ ነዘረ። አባዬ ፊቱን አልለወጠም፣ መዳፉን ብቻ ግድግዳው ላይ አሳረፈ፣ የታመመ ከብት እንደሚዳብስ ሰው። እስኪያልቅ ድረስ እጁን አላነሣም።

«ዝጊው» አለኝ።

«አልወደድከውም?»

«ሰው ይመጣል።»

ሳቅሁ። ወላሂ፣ ቀልድ መስሎኝ ሳቅሁ።

ትንሽ ቆይቶ ጉሙ ውስጥ የአህያ ኮቴ ተሰማ፣ ከዚያ የሴቶች ድምፅ፣ ከዚያ ሀሰን፣ ጎረቤታችን፣ ሁለት አህያ እየነዳ ብቅ አለ። ከኋላው ሌላ፣ ከሌላውም ኋላ ሌላ፣ ሁሉም እህል ጭነዋል።

«አሰላሙ አለይኩም ጋሽ ይማም! እንኳን አስነሡት! ምነው ታዲያ ሳንደርስ አጠፉት?»

አባዬ ወደ እኔ አመለከተ። ምን ልበል?

«ሀሰን፣ ወፍጮው አይደለም… ሙዚቃ ነው። የጀርመን ሙዚቃ። ጀማል የሠራው።»

«ሱብሃነላህ! ይሄ ልጅ አገር ለቆ ሄዶም የኛን አህያ ያደክማል? አንቺስ ብትሆኚ፣ መምህርት ያደረግንሽ ልጅ ልትሰበስቢ እንጂ አህያ ልትሰበስቢ ነው እንዴ?»

«በይ መልሰሽ ክፈቺው» አለች አንዷ ከጆንያዋ ላይ ተቀምጣ፣ «እህሉን እዚሁ ስፒከርሽ ውስጥ እንጨምረው፣ የጀርመን ዱቄት እንብላ።»

ሁሉም ሳቁ፣ እኔም አፍሬ ሳቅሁ። እስከዚህ ድረስ ምንም የማይገባ ነገር የለም፣ ጉም አለ፣ ገደሉ ያስተጋባል፣ ዱቄት የጨረሰ ሰው ደግሞ ጆሮው ወፍጮ ላይ ነው። ቢጠይቁኝ ሰሌዳ ላይ ስዬ አሳያለሁ።

ያኔ እቴ ስንዱ መጣች። እቴ ስንዱ ከማዶ ያለች ባልቴት ናት፣ ግሸንን ሳትሳለም ዓመት የማታሳልፍ፣ ቀልድ የማታውቅ ሴት። የመጣችው ግን እንደ ሌሎቹ በመንገዱ በኩል አይደለም፣ ከወፍጮ ቤቱ በታች፣ ዱቄት የሚወጣበት በር ካለበት በኩል ነው፣ አህያዋም ጆንያ ጭኖ ወደ ቤት የሚመለስ አህያ ነበር።

«እናንተ ገና ናችሁ?» አለች። «ተመስገን፣ እኔስ ቀድሜ ደርሼ አስፈጨሁ።»

«የት?» አልኳት።

«የት ልበልሽ፣ እዚሁ ነዋ!» ወደ አባዬ ዞረች። «ጋሽ ይማም፣ እንኳን ልጅዎትን ለቤቱ አበቃልዎት።»

ሳቁ ቆመ።

«የቱን ልጄን?» አለ አባዬ።

«ስንት ወንድ አለዎትና? ጀማልን ነዋ። ብቻ ከስቷል። ጥቁር በጥቁር ለብሷል፣ ጆሮው ላይ ግራና ቀኝ እንደ ሲኒ ያለ ነገር ደፍቷል። እንዴት ነህ ብለው ጆሮውን ነካ ነካ አድርጎ ጠቆመኝ፣ አይሰማኝም ማለቱ ነው መሰል። እህሌን ተቀብሎ ፈጨልኝ፣ ሌላ ምንም አላለም።»

እቴ ስንዱ ጀማልን ያየችው ልጅ ሳለ ነው፣ ለመደወል ብቻ የሚሆን ትንሽ ስልክ እንጂ ፎቶ የሚያሳይ የላትም። ተነሥቼ ጆንያዋን ፈታሁ፣ የማሽላ ዱቄት ነው፣ እጄን አስገባሁ። ይሞቃል። ከወፍጮ አፍ እንደ ወጣ ዱቄት ይሞቃል። ጆንያ ፀሐይ ላይ ቢውል ይሞቃል፣ አውቃለሁ፣ ፀሐይ ግን አልነበረችም ብያችኋለሁ። ሌላ የናፍጣ ወፍጮ ደግሞ ከተራራው ወዲያ ነው።

ወደ ታችኛው በር ሮጥኩ፣ ሀሰን ተከተለኝ። በሩ ጀማል በሄደ ሰሞን በቆርቆሮ እንደ ተመታ ነው፣ ምስማሩ ዝጓል። ተመልሰን የፊቱን በር በአባዬ ቁልፍ ከፈትን። የሸረሪት ድር፣ ሞተሩ፣ ፖምፓው የነበረበት ባዶ ቦታ። ድንጋዩን በመዳፌ ነካሁት፣ ቀዝቃዛ ነው። ሀሰን «ቢስሚላህ» ብሎ ከበሩ ሳያልፍ ተመለሰ፣ ያንን ቀልደኛ ሰው ከዚያ በኋላ ያን ቀን ሲስቅ አላየሁትም።

አባዬ ከእቴ ስንዱ ዱቄት ቆንጥሮ በጣቶቹ መካከል ሲያሸው አየሁ።

ሰዉ ተበተነ። እኔ ግን አንድ ሐሳብ መጣብኝ፣ ለባዕድ ሰው ታይቶ ለአባቱ ያልታየ ልጅ በሕይወት አለ? ስልኬ ኔትወርክ የለውም። መግሪብ ተሰግዶ፣ መብራት መጥቶ፣ ኔትወርኩ እስኪመለስ ድረስ ምን እንደሆንኩ አትጠይቁኝ። ደወልኩ። ጠራ፣ ጠራ።

«ሃሎ ዘይኔ?»

እንባዬ ቀደመኝ፣ ቃል ሳይወጣኝ አባዬ እጁን ዘረጋ።

«አምጪው።»

ስልኩን ራሱ ጆሮው ላይ አደረገው። ለእሱ ተብሎ ድምፁ እስከ ጥግ የተከፈተ ስለሆነ ሁሉንም ሰማሁ።

«ጀማል።»

ወዲያ ማዶ ትንፋሽ ብቻ።

«ዱቄቱ ሻካራ ነው» አለ አባዬ።

ስለ እቴ ስንዱ አልነገርኩትም፣ ማንም አልነገረውም፣ ጊዜውስ መቼ ነበረን? ጀማል ግን በልጅነቱ ድምፅ መለሰ።

«አውቃለሁ አባዬ። ድንጋዩ አልተወቀረም።»

የወፍጮ ድንጋይ ብዙ ሲሠራ ይለሰልሳል፣ በመዶሻ እየተወቀረ ጥርስ ካልወጣለት በደንብ አይፈጭም፣ ይህ ግልጽ ነው። ሌላው ግልጽ አይደለም። እነሱ ግን እንደ ማንኛውም አባትና ልጅ ቀጠሉ፣ ዝናብ ጣለ ወይ፣ እግርህ እንዴት ነው፣ ማን ሞተ ማን አገባ፣ ስልኩ ባትሪው እስኪያልቅ አወሩ።

ኋላ ጀማልን ብቻውን ጠየቅሁት፣ «ያን ቀን ከሰዓት የት ነበርክ?»

«ምድር ቤት፣ የጆሮ ማዳመጫ አድርጌ እየሠራሁ» አለኝና ወሬ ለወጠ። ደግሜ ብጠይቀው «ዘይኔ፣ ተይው» አለኝ።

አባዬ አሁን ከሰዓት ከሰዓት ወፍጮ ቤቱን ከፍቶ ድንጋዩን ይወቅራል። ፖምፓው ዛሬም አልጋው ሥር ነው። «ሞተሩ ሳይነሣ ምን ያደርጋል?» ብለው «ባለፈው ሻካራ ነበር» አለኝ፣ መዶሻውን ሳያቆም።

የናኽትሙለ ሁለተኛ ሥራም ወጣ። የመጨረሻው ላይ ምቱ አንዴ ያስላል፣ እህል እንደ ገባበት፣ ከዚያ ይቀጥላል። ኡቨ በተርጓሚ አስተርጉሞ ጻፈልኝ፣ ከልብ አመሰግናለሁ፣ የላክሽው ድምፅ ሥራችንን አዳነው፣ ግን በምን መቅጃ ነው የቀዳሽው፣ ማይክሮፎኑን የት ላይ አቆምሽው ይላል። እኔ ምንም አልላክሁም። ኡቨ እንደ እኔው ነገሩን ሳያውቅ የማይተኛ ሰው ነው መሰለኝ፣ ደጋግሞ ይጠይቀኛል፣ መልስ መጻፍ እጀምርና አጠፋዋለሁ።

መብራት ሲጠፋና የሐይቅ ወፍጮዎች ጸጥ ሲሉ መስኮቴን ከፍቼ ወደ አምባሰል በኩል አዳምጣለሁ። እስካሁን የሰማሁት ነገር የለም። ሙዚቃውን ግን ከዚያ ቀን ወዲህ ከቤት ውጭ ከፍቼው አላውቅም።