ከምግብ ጋር የሚከራይ ክፍል

ሴሲል ትሬጌር የወደብ ከተማ በሆነችው ፖርት ፒሪ ወዳለው የአያቴ ቤት የመጣው አንድ ሻንጣና አንድ የቲማቲም ችግኝ ይዞ ነው። ሻንጣውን በሩ ላይ ጣል አደረገው፤ ችግኙን ግን እንደ ሕፃን አቅፎት ቆመ።

«ክፍሉ የሚከራየው ለአንድ ሰው ነው» አለችው አያቴ ሜርል፣ ከደጃፉ ሳትንቀሳቀስ።

«እሱ ውጭ ያድራል፣ ወይዘሮ ሜርል። ቀለቡንም ራሱ ይችላል።»

አልሳቀችም። ግን መንገድ ለቀቀችለት።

ያኔ እሷ ሰባ አንድ ዓመቷ ነበር፤ እሱ ስልሳ ዘጠኝ። ሁለቱም የትዳር ጓደኛቸውን ቀብረዋል፤ ሁለቱም የሚኖሩት በመንግሥት ጡረታ ነው። እሱ ዕድሜውን የጨረሰው የማዕድን ባቡር ሲነዳ ነበር። እሷ ደግሞ የጣሪያዋ ቆርቆሮ ዝጎ ዝናብ ማስገባት ሲጀምር ነው ክፍል ለማከራየት የቆረጠችው።

ምግብ ጨምራ እንድታከራይ የመከርኳት እኔ ነኝ። አደሌድ ዩኒቨርሲቲ ሁለተኛ ዓመት ነበርኩ፤ የማላውቀው ነገር ያለ አይመስለኝም ነበር። ባዶ ክፍል ብታከራይ የጡረታ ቢሮው አብዛኛውን ኪራይ እንደ ገቢ ቆጥሮ ጡረታዋን ይቀንስባታል። ምግብ ጨምራ ካከራየች ግን የሚቆጥርባት ጥቂቱን ነው።

«ስለዚህ አብስይለት» አልኳት። «ሕጉ እንደዚህ ነው።»

እናም በሕግ አንድ ጠረጴዛ ላይ ተቀመጡ።

የመጀመሪያዎቹን ወራት ያወሩት ስለ ጨው ብቻ ነበር። እሱ ሳይቀምስ ይነሰንሳል፤ እሷ ትቆጣለች።

«መጀመሪያ ይቅመሱት እንጂ!»

«ባቡር ላይ ሠላሳ ዓመት ቀመስኩ፤ ሁልጊዜ ጨው ይጎድለው ነበር።»

«እኔ ባቡር አይደለሁም።»

ቅዳሜ ቅዳሜ ከወደቡ ድልድይ ሥር ሸርጣን ይዞ መምጣት ሲጀምር ደግሞ ሌላ ጠብ ተነሣ።

«ምግብ የማቀርበው እኔ ነኝ። ማን አዘዘዎት?»

«ማንም። ራሳቸው መጡ፤ እኔ እምቢ ማለት አቅቶኝ ነው።»

ያን ቀን ሳቀች። ለዕረፍት መጥቼ ስለነበር ሳቋን ሰማሁት፤ ባሏ ከሞተ ወዲህ ሰምቼው አላውቅም። ጠረጴዛው ላይ ጋዜጣ ዘርግተው ሸርጣኑን ይሰብሩ ጀመር። ሴሲል ከሸርጣኑ ጥፍር ውስጥ ያለውን ነጭ ሥጋ ሳይቆረጥ ያወጣና፣ ቀና ብሎ ሳያያት፣ ወደ ሳህኗ ይገፋዋል። እሷም ቀና ሳትል ትበላዋለች። እኔም ቸኩዬ ስለነበር ምንም ሳይገባኝ አልፌዋለሁ።

በሦስተኛው ዓመት ከጡረታ ቢሮው ቅጽ መጣ። አንድ ወንድና አንዲት ሴት አንድ ቤት ውስጥ ይኖራሉና፣ አከራይና ተከራይ ናቸው ወይስ ባልና ሚስት? ሕጉ ለሁለት ነጠላ ሰዎች የሚከፍለው ለባልና ሚስት ከሚከፍለው ይበልጣል። ባልና ሚስት ከተባሉ የሁለቱም ጡረታ ይቀንሳል፤ ኪራዩም ኪራይ መሆኑ ይቀራል። እናቴ ደግሞ ከመጀመሪያውም ቤቱ ተሸጦ አያቴ አደሌድ፣ የአረጋውያን መኖሪያ እንድትገባ ትፈልግ ነበር፤ ገንዘቡ ካነሰ ምክንያት ታገኛለች። እነሱን የሚያውቅ ምስክርም መፈረም ነበረበት። ምስክሯ እኔ ነበርኩ።

እሑድ ቀትር ላይ እኔና አያቴ ወጥ ቤት ተቀመጥን። ሴሲል ውጭ ቲማቲሙን ያጠጣል።

«ተከራይ ነው ብለሽ ጻፊ» አለች። «ምን ያስጨንቅሻል?»

«አብራችሁ ትበላላችሁ ወይ ይላል።»

«አንቺ አይደለሽም እንዴ አብስይለት ያልሽኝ!»

«ብትታመሚ የሚያስታምምሽ ማነው ይላል።»

ጠረጴዛውን በጨርቅ መወልወል ጀመረች። ባለፈው ክረምት የሳምባ ምች ይዟት ነበር። ሴሲል ተከራይ ወደ አከራዩ መኝታ ቤት መግባት አይገባውም ብሎ፣ ኮሪደሩ ላይ ወንበር አድርጎ አራት ቀን ተቀመጠ። ገርበብ ባለው በር በኩል ሾርባ ያቀብላት፣ የፈረስ እሽቅድድም ውጤት ጮክ ብሎ ያነብላት ነበር። ስለ ፈረስ ምንም አታውቅም። ሲያቆም ግን «ይቀጥሉ» ትለው ነበር አሉ።

«‹ብሪዮኒ› ብለሽ የራስሽን ስም ጻፊ» አለችኝ በመጨረሻ። «አንቺ ታስታምሚኛለሽ።»

«ናን፣ እኔ እኮ አልመጣሁም» አልኳት፤ አያቴን ከልጅነቴ ጀምሮ የምጠራት እንዲህ ነው። « ፈተና ነበረብኝ።»

በዚህ መሐል ሴሲል እጁን እያደራረቀ ገባ። ቅጹን አነበብኩለት። ባርኔጣውን አውልቆ ጠረጴዛው ላይ አኖረው፤ እዚያ ቤት እንዲህ አድርጎ አያውቅም።

«የካራቫን መንደሩ ውስጥ፣ ተጎታች ቤቶቹ ጋ፣ ባዶ ቦታ አለ» አለ። «ነገ ልሄድ እችላለሁ። አንቺም ልጄ፣ ሳትዋሺ ትፈርሚያለሽ።»

«ለምንድነው የምትሄደው?» አለች አያቴ።

«ከቆየሁ እኔም መፈረም አለብኝ፣ ሜርል። እዚህ ላይ ‹አይደለንም› ብዬ መፈረም አልችልም።»

እሷ እጆቹን አየች እንጂ ፊቱን አላየችም።

«ሦስት ዓመት ሙሉ ሸርጣን እየቆረጠምክ ይህን መናገር አቃተህ?»

«ተከራይ ነበርኩ። ተከራይ እንዲህ ብሎ ቢናገርና እምቢ ቢባል ቤት አይኖረውም።»

«እና ቢሮው እስኪጠይቅህ ጠበቅክ!»

«አንቺስ ጠይቀሽኝ ታውቂያለሽ?»

እስክሪብቶውን ከእጄ ነጠቀችኝ።

«ናን፣ ቤቱስ?» አልኳት። «ጣሪያውስ?»

«ያፈሳል። ባልዲ አለኝ።»

‹ባልና ሚስት› በሚለው ላይ ምልክት አደረገች። ቀጥላ ቅጹን ወደ እኔ ገፋችው፤ ፈረምኩ። በሕይወቴ ከፈረምኳቸው ወረቀቶች ሁሉ ሳላንገራግር የፈረምኩት እሱን ብቻ ነው።

ጡረታው ቀነሰ። መኪናዋን ሸጠች። ሴሲል በሰባ ሁለት ዓመቱ፣ እኔ መሰላል ይዤለት፣ አሮጌ ቆርቆሮ እየቆራረጠ ጣሪያውን ጠገነው፤ እሷ ከታች ሆና «ውረድ፣ አንተ እብድ!» እያለች ስትጮህ ጎረቤት ሁሉ ወጣ። ቤቱ አልተሸጠም። ዘጠኝ ዓመት እንዲህ ኖሩ።

ሴሲል የሞተው በመጋቢት ነው። በወሩ ከጡረታ ቢሮው ደብዳቤ ከቅጽ ጋር መጣ። ከዛሬ ጀምሮ እንደ ነጠላ ተቆጥረው ሙሉ ጡረታዎን ያገኛሉ፤ ዝርዝሩ ትክክል መሆኑን አረጋግጠው ይመልሱ ይላል።

አያቴ መነጽሯን አድርጋ ሁለት ጊዜ አነበበችው።

«ተሳስተዋል በያቸው» አለችኝ።

«የቱ ጋ ነው የተሳሳቱት?»

«ነጠላ የሚለው ጋ።»

ለዚያ የሚሆን ቦታ ቅጹ ላይ አልነበረም። ኅዳጉ ላይ ጻፍኩት፤ እሷም ከሥሩ ፈረመች።