መንጠቆው ላይ ያልነበረው ካርድ

አለቃው ከወለሉ ሥር ተጎትቶ ሲወጣ ለማሽኖቹ ጩኸት ያደረገው የጆሮ መሸፈኛ እንኳ ከራሱ አልወለቀም ነበር። የምርምር ማዕከሉ የኮምፒውተር አዳራሽ ወለል ድርብ ነው፤ ከላይ ሰው ይሄድበታል፣ ከሥር ሽቦ ይተኛበታል። እዚያ ተጋድሞ ሽቦ ሲቀይር የእሳት ማጥፊያው ጋዝ ተለቀቀበት። ጋዙ ከአየር ይከብዳልና ቀድሞ የሚሞላው ያንኑ ጉድጓድ ነው፤ አለቃው አየር አጥቶ ሞተ።

መርማሪዋ ስትደርስ የኔትወርክና የደኅንነት ቡድኑ ሦስት ባልደረቦች፣ አንድ ሽማግሌ፣ አንዲት ሴትና «ዶክተሩ» የሚሉት ሰው፣ ኮሪደሩ ላይ ነበሩ። «ጋሽ ሽቦ» የሚባሉት ሽማግሌ መሬት ላይ ተቀምጠው ቀኝ እጃቸውን ያያሉ።

«እኔ ነኝ የገደልኩት፤ ሌላ ሰው አትፈልጊ» አሏት።

«ቀስ ይበሉ አባቴ። ከመጀመሪያው ይንገሩኝ።»

«አራት ሰዓት ላይ ጋዙን ልሞክር ቀጠሮ ነበረኝ። ሕጋችን አንድ ነው፤ የሚገባ ሰው ካርዱን በሩ ላይ ካለው መንጠቆ ላይ ይሰቅላል። ካርድ ካለ ሰው አለ፣ ካርድ ከሌለ ሰው የለም። ሕጉን ያወጣው ራሱ ነው። መንጠቆው ባዶ ነበር፤ የጋዙን ቁልፍ ተጫንኩት።» ወደ አዳራሹ በር ጠቆሙ። «እኔና ዶክተሩ ነን ጎትተን ያወጣነው። ሃያ ሁለት ዓመት አብረን በላን እኮ!»

ካርዱ የተገኘው በሟቹ የሸሚዝ ኪስ ውስጥ ነው። ረጅሙ የአንገት ማሰሪያው በስምንት ቁጥር ቅርጽ ተጠቅልሎ ጫፉ መሃሉ ላይ ተሸጉጧል። መርማሪዋ የአለቃውን መሳቢያ ስትስብ የቁልፍ ገመዱ፣ የቻርጀር ሽቦው፣ የመነጽር ማንጠልጠያው ተተብትቦ አንድ ላይ ወጣ።

«ይሄ ሰው ነው ማሰሪያ አሳምሮ የሚጠቀልለው? የማይመስል ነገር!» አለች ለራሷ።

ግድግዳው ላይ የሠራተኞቹ የትምህርትና የሥራ ታሪክ ከነፎቷቸው ተሰቅሏል። ጋሽ ሽቦ እዚህ ከመምጣታቸው በፊት ለአሥራ አምስት ዓመት የስልክ መስመር ዘርጊ ነበሩ። ሴትዮዋ የሒሳብ መምህርት ነበረች። ዶክተሩ ስምንት ዓመት ውጭ አገር የኮምፒውተር ደኅንነት ተምሯል።

መጀመሪያ መምህርቷን ጠራቻት።

«ሦስት ተኩል ላይ ሲገባ አይቼዋለሁ። ካርዱን ሲሰቅል ግን ጀርባዬን ሰጥቼ ነበር» አለች መምህርቷ እያለቀሰች።

«ሰሞኑን ምን ይሠራ ነበር?»

«ግድግዳው ላይ ያለውን ታሪካችንን ያድስ ነበር። የድሮ መሥሪያ ቤቶቻችን ሁሉ ጋ ሲደውል ከረመ።»

መርማሪዋ የስልኳን ቻርጀር ከጠረጴዛው ላይ ጣለችና «አቀብዪኝ» አለቻት። መምህርቷ ጨባብጣ ሰጠቻት። ጋሽ ሽቦ በተራቸው ተጠርተው ያንኑ ቻርጀር ሲያቀብሏት በክርናቸው ላይ ክብ አድርገው ጠቀለሉት። ዶክተሩ ደግሞ «ሰው ነው፤ አለቃም ቢሆን ይረሳል» እያለ ጣቶቹ ሳያያቸው ሠሩ፤ ሽቦው ስምንት ሆኖ እጇ ላይ አረፈ።

አለቃው ሰሞኑን ከደወለባቸው ቁጥሮች ሁለቱ ላይ ደውላ፣ የአለቃውን ኮምፒውተር አስከፍታ ስትመለስ ሦስቱንም በሩ ፊት ሰበሰበቻቸው።

«አለቃው አልረሳም። የጋዙን ሙከራ እያወቀ የገባው ካርዱን ተማምኖ ነው። ካርዱን አንድ ሰው ከመንጠቆው አንስቶ የራሱ ኪስ ውስጥ ከተተ፤ አስከሬኑ ሲወጣ ማሰሪያውን ጠቅልሎ የሟቹ ሸሚዝ ኪስ ውስጥ ሸጎጠው። ግን እጁ የለመደውን ሠራ። ሽቦ ክብ ሆኖ ሲጠቀለል ይጠማዘዛል፣ ውስጡ ይሰበራል፣ ድምፅ ማጉያው ይንኮሻኮሻል። ስለዚህ ሠርግ ቤት ድምፅ ማጉያ የሚተክል ሰው በስምንት ይጠቀልላል።» ወደ ዶክተሩ ዞረች። «ውጭ አገር ተማርኩባቸው ያልካቸውን ስምንት ዓመታት በሙሉ ድምፅ ማጉያ ስትተክል ነበር። የዚያን ጊዜ አሠሪህን አሁን አነጋገርኩት። አለቃህም ከአራት ቀን በፊት ደውሎለት ነበር።»

ዶክተሩ ወደ ጋሽ ሽቦ ዞረ።

«አሥር ዓመት እዚህ ሠራሁ። አንድ ቀን ማሽን ተደፍሮብኝ ያውቃል? ይናገሩ እስቲ ጋሽ ሽቦ!» አለ። «ትናንት ‹ስለ ታሪክህ ነገ እንነጋገራለን› አለኝ። አለቀልኝ አልኩ። ልጆቼ ሳይቀሩ ዶክተር ነው የሚሉኝ።»

መርማሪዋ ከአለቃው ኮምፒውተር ያሳተመችውን የራሱን ማስታወሻ አወጣች። ባታነበው በወደደች ነበር።

«‹ዲግሪ የለውም። ድምፅ ማጉያ ይተክል ነበር፤ ይህን ሙያ ራሱን በራሱ አስተማረ። ከእሱ የሚበልጥ ባለሙያ አላየሁም። ቅጥፈቱን አብሬው ገብቼ ለዳይሬክተሩ አስረዳለሁ። እኔ ጡረታ ስወጣ ቡድኑን እሱ ይምራ።›»

ዶክተሩ ወለሉ ላይ ተቀመጠ። መምህርቷ «ምነው! ምነው አንድ ቀን ብትታገሥ!» እያለች ትከሻውን ደበደበችው፤ ፖሊሶቹ እስኪያነሱት ድረስ አልተከላከለም።

ኮሪደሩ ባዶ ሲሆን መርማሪዋ ሽማግሌው አጠገብ ቁጢጥ አለች።

«ሰሙ አይደል አባቴ? እርስዎ አልገደሉትም።»

«ሰማሁ ልጄ። ሕጉንም ጠብቄያለሁ።» ቀና ብለው መንጠቆውን አዩ። «ግን በሩን ከፍቼ፣ ዝቅ ብዬ ብመለከት ስንት ደቂቃ ይፈጅብኝ ነበር?»

ሁለት ደቂቃ እንደማይሞላ ለክታው ነበር። አልነገረቻቸውም።

«እሺ፣ ቤትዎ ላድርስዎ» አለች።

«ሚስቱ ጋ አድርሺኝ። ማን እንደተጫነው ከሌላ ሰው ባትሰማ ይሻላል።»