የኑርሃን ድንጋይ

ኑርሃን ሰውየውን የጠላችው ገና ከባጃጁ ሳይወርድ ነው። በአንድ እጁ ማራገቢያ፣ በሌላው የሽቦ ጥቅል ይዞ ሲንደፋደፍ አየችውና «እሳቴን የሚነጥቀኝ ይኼ ነው?» አለች በሆዷ።

ጀውሃ ላይ የሚቆም የከባድ መኪና ሾፌር ሁሉ የኢልያስን ምግብ ቤት ያውቃል። የሚያውቀው ግን በኢልያስ አይደለም፤ በእህቱ በኑርሃን በርሜል ነው። ከታች ከሰል ይነዳል፣ ከላይ የፍየል ሥጋ በጭስና በሙቀት ቀስ ብሎ ይበስላል። ኑርሃን አጠገቡ ቆማ የአየር ማስገቢያውን ቀዳዳ በቆርቆሮ እየከፈተች፣ እየዘጋች ሙቀቱን ትጠብቃለች። ዓይኗ በጭስ ቢቀላም፣ ከዚያ በርሜል ሌላ የኔ የምትለው ነገር አልነበራትም።

ኢልያስ ባለማራገቢያውን ሰው፣ አብዱረሂምን፣ ከሸዋ ሮቢት ሱቁ ያስመጣው ለዚሁ በርሜል ማሽን እንዲሠራለት ነው። ሙቀቱ ሲወርድ ማራገቢያው ራሱ ይነሳል፤ ሲበዛ ማራገቢያው ይቆምና የቀዳዳው ክዳን ራሱ ይዘጋል።

«ማሽኑ እሳቱን ከያዘ አንቺ ከጭሱ ወጥተሽ ቤትሽ ትቀመጫለሽ» አላት ኢልያስ፣ ውለታ እንደዋለላት ሁሉ። «ለጋብቻ የሚጠይቅሽም ሰው አለ።»

«እንግዲያው ለጠያቂው ማሽኑን ዳርለት» ብላው ሄደች።

አብዱረሂም ሥራ ከጀመረ ወዲህ ሁለቱ አንድም ቀን በሰላም አልዋሉም።

«ትንሽ ፈቀቅ በይ፣ ሽቦው ላይ ቆመሻል።»

«ሽቦህን ሰብስብ። እኔ እዚህ ስቆም ዓመታት ሆኖኛል።»

«እሺ፣ ቀዳዳውን መቼ እንደምትዘጊው በምን ታውቂያለሽ?»

«ብነግርህ ይገባሃል?»

«ሞክሪኝ።»

መዳፏን ጭሱ በሚወጣበት ቱቦ ላይ ዘረጋች። «‹ቢስሚላሂ ረህማኒ ረሂም› ብለህ እስክትጨርስ ካላስቻለህ፣ በዝቷል ማለት ነው።»

እሱም እጁን ዘረጋ። ቢስሚላውን ብሎ ጨረሰ፤ እጁን ግን አላነሳም። ዓይኑን ዓይኗ ላይ ተክሎ፣ ጥርሱን ነክሶ ቆመ። በመጨረሻ እሷው አንጓውን ይዛ ጎተተችው።

«ጅል ነህ እንዴ?»

መዳፉ ቀልቶ ነበር። ማንቆርቆሪያውን አነሳችና እየተቆጣች ውሃ አፈሰሰችለት። እሱ ውሃውን ሳይሆን እሷን ያይ ነበር። ኑርሃን ደስ አላት፤ ደስ ስላላትም ይበልጥ ጠላችው።

ማሽኑ አለቀ። ለጎረቤት መንደር ሠርግ የታዘዘው ሥጋ በርሜሉ ውስጥ ተደረደረ፤ ማራገቢያው አጉረመረመ፣ ክዳኑ ከፈት ዘጋ አለ። ኑርሃን ዳር ቆማ አየችው። ይሠራል። እንደሷ ባይሆንም ይሠራል። ኢልያስም ነገ በርሜሉን የሚረከብ ተቀጣሪ እንደሚመጣ ነገራት።

ወንዶቹ ለከሰዓቱ የአስር ሶላት ወደ መስጊድ ሲሄዱ ከመንገድ ዳር አንድ ድንጋይ አነሳች። ክዳኑ እንዳይዘጋ ሥሩ ወሸቀችውና ኩሽና ገባች። ሥጋው ትንሽ እንዲያር ብቻ ነበር ሐሳቧ። የቆላው የከሰዓት ነፋስ ግን ማንንም አይሰማም። በተከፈተው ቀዳዳ ገብቶ ከሰሉን አቀጣጠለው፤ የሚንጠባጠበው ስብ ነደደ። ሽታው ኩሽና ድረስ ሲመጣባት ውሃ ይዛ ሮጠች፤ ከሥጋው ግን የተረፈ አልነበረም።

ቀድሞ የደረሰው አብዱረሂም ነው። ጎንበስ ሲል ድንጋዩን አየ። ቀና ብሎ እሷን አየ። ድንጋዩን በጨርቅ ጠቅልሎ የመፍቻ ቦርሳው ውስጥ ከተተው።

«ምን ጉድ ነው ይኼ?» ብሎ ኢልያስ ጮኸ።

«የኔ ጥፋት ነው፣ ጋሽ ኢልያስ። ክዳኑን በደንብ አላስተካከልኩትም።»

ሰው ተሰበሰበ፤ የሠርጉ ቤት ሰዎችም ደረሱ። ኢልያስ የእህቱን ፊት ከልጅነቷ ጀምሮ ያውቀዋል። አንዴ እሷን፣ አንዴ ሰውየውን አየና «ያንተ ጥፋት ከሆነ ወላሂ በል» አለው።

በዚያ አገር ሰው ለገበያው ሲል ጥቂት ይዋሽ ይሆናል፤ በወላሂ ግን የሚቀልድ የለም። ሁሉም የአብዱረሂምን አፍ ይጠብቅ ጀመር። ከንፈሩ ሲንቀሳቀስ ኑርሃን አየች።

«እንዳትምል!» ብላ መሃል ገባች። «ወላሂ እኔ ነኝ! ክዳኑን በድንጋይ የያዝኩት እኔ ነኝ። ድንጋዩ ቦርሳው ውስጥ አለላችሁ።»

ኢልያስ ቆርቆሮዋን አንስቶ አስፋልቱ ላይ ወረወረው። «ሁለተኛ በርሜሉ አጠገብ እንዳላይሽ!»

የፈራችው ደረሰ። እሷ ግን ወደ ወንድሟ ሳይሆን ወደ አብዱረሂም ዞረች።

«ማን ዋሽልኝ አለህ?»

«ማንም።»

«ልትምል ነበር?»

«አላውቅም። አንቺ ቀደምሽኝ።»

«ጅል!» አለችው። እንባዋ ወረደ፤ ጭስ ያስለቀሳት ለማስመሰል ጠረገችው። ትወደው ነበር፤ ይህን ያወቀችው ያን ጊዜ ነው።

አብዱረሂም ማሽኑን ፈታቶ ሄደ። ወር ሳይሞላው ግን የላካቸው ሽማግሌዎች ኢልያስ ደጅ ላይ ቆሙ።

«ይቺን?» አለ ኢልያስ፣ ንዴቱ ገና አልበረደም። «ወስዶ ይቃጠልባት!» ቢሆንም ጠራት። እሷም ከመጋረጃው ጀርባ ሆና ጠየቀች።

«በርሜል አለው?»

«አዲስ አሠርቷል፤ ሱቁ በር ላይ አቁሞታል» አሉ አንዱ ሽማግሌ ግራ ተጋብተው። «ያለ እሷ አልለኩሰውም ብሏል። እኛ እንኳ የመጣነው ለኒካህ ነበር።»

«ድንጋዬን ከመለሰልኝ እሺ በሉት።»

ዛሬ ሸዋ ሮቢት ላይ ማራገቢያው እያጉረመረመ ሁለቱ ሲጨቃጨቁ ይውላሉ። እሱ መለኪያውን አይቶ «ልክ ነው» ይላል፤ እሷ መዳፏን ዘርግታ «በዝቷል» ትላለች። ባልና ሚስት ናቸው የሚላቸው የሚያውቃቸው ብቻ ነው። አብዱረሂም ሲበይደው የበርሜሉ አንድ እግር አጥሮበት ኖሮ፣ ከሥሩ ያ ጭስ ያጠቆረው ድንጋይ ገብቷል። አንዳንድ ደንበኛ አዝኖላቸው «ይኼን አውጥታችሁ እግሩን ለምን አታስቀጥሉትም?» ሲል፣ ቀኑን ሙሉ ያልተስማሙት ባልና ሚስት በአንድ አፍ ይጮሃሉ።

«እንዳትነካው!»